ደንገጎን በቅጣት አትወጣውም

ደብዳቤው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር ነው። ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን አወጣለሁ።

«38 ዓመቴ ነው። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ፣ እኔ እትዬ ነው የምላት፣ የጡት ካንሰር እንዳለባት ከተነገረን ጥቂት ወራት ሆነው። በየሦስት ሳምንቱ አዲስ አበባ እየሄደች ኬሞ ትወስዳለች። እኔና ዘጠኝ የሥራ ባልደረቦቼ ጥር 27፣ በዓለም የካንሰር ቀን፣ ከድሬ ሐረር በብስክሌት ደርሰን በዚያው ቀን ልንመለስና ለካንሰር ሕሙማን ገንዘብ ልናሰባስብ ተስማምተናል። አራት ወር ቀርቶናል። ብስክሌት የነዳሁት ልጅ እያለሁ ነው። አሁን በየቀኑ ከሥራ ስወጣ ደንገጎን፣ ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣውን ዳገት፣ ለመውጣት እሞክራለሁ፣ ግማሽ ሳልደርስ እመለሳለሁ። ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኛል። ሰውነቴ እንዲቀል ቁርስ ትቻለሁ። አቅም እንዲሰጠኝ ከምሳ በኋላ ትንሽ እቅማለሁ። ባለቤቴ ‹ራስህን ልትገድል ነው› ትለኛለች። እኔ ግን እትዬ እንዲያ እየተሰቃየች ደከመኝ ብዬ መቀመጥ ያሳፍረኛል። እሷ እረፍት የላትም፣ እኔ ለምን አርፋለሁ? እንዴት ብሰለጥን ነው የምደርሰው? ቲሸርታችን ላይ የእትዬን ፎቶ ልናሳትም ነው። እሷ ብትብስብኝስ፣ ልሰርዘው?»

አቦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እትዬን ፈጣሪ ይማርልህ።

ብዙ ነገር ጠይቀሃል፣ ሁሉንም እንደርስበታለን። እኔ ግን አንዷ ላይ ቆሜ ቀረሁ። «እሷ እረፍት የላትም፣ እኔ ለምን አርፋለሁ?» ያልካት። ስለ ማርሹም ስለ ጉልበቱም ከማውራታችን በፊት ይህችን ማጥራት አለብን። ካልሆነ የምሰጥህ ፕሮግራም አንድ ሳምንት አይቆይም፣ ምክንያቱም ዛሬ ዕረፍት ነው ባልኩህ ቀን ኅሊናህ ይወቅስህና ተነስተህ ደንገጎ ትሄዳለህ።

እስቲ የእትዬን ሕክምና ልብ ብለህ እየው። መድኃኒቱን በየቀኑ አይሰጧትም። በየሦስት ሳምንቱ ነው። ለምን ይመስልሃል? ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴልን ነው የሚመታው። ካንሰሩን ይመታል፣ ግን የፀጉሯን ሥር፣ የአፏንና የአንጀቷን ሽፋን፣ መቅኔዋ ውስጥ የሚመረተውን ደምም አብሮ ይመታል። ስለዚህ በመሐል ያሉት ቀናት ባዶ ቀናት አይደሉም። ጤነኛው አካሏ ያገግምባቸዋል፣ የወረደው ነጭ የደም ሴሏ ይመለስባቸዋል። ቀጣዩን ከመስጠታቸው በፊት ደሟን የሚመረምሩት ለዚህ ነው፣ ካልተመለሰ ቀጠሮውን ይገፉታል። ሐኪሞቿ እረፍቱን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው ነው ያዘዙላት። ያለ እረፍት ቢሰጧት ሰውነቷ አይችለውም ነበር።

ያንተም እግር ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ዳገት ስትገፋ ጡንቻህ በጥቃቅኑ ይጎዳል፣ ስትበላና ስትተኛ ይጠገናል፣ ሲጠገን ከበፊቱ ትንሽ ጠንክሮ ነው። በየቀኑ ከሄድክበት የጥገና ጊዜ አታገኝለትም። አንድ ወር ሙሉ ደክመህ አሁንም ግማሽ ሳትደርስ የምትመለሰው ስለሰነፍክ አይደለም፣ ሁልጊዜ በደከመ እግር ስለምትጀምር ነው። ስቃይህ ደግሞ ለእትዬ የሚቀንስላት ነገር የለም። ይህን ስጽፍ እንደሚያምህ አውቃለሁ፣ ግን እውነቱ እሱ ነው። የሚጠቅማት ጥር 27 ቀን በሰላም ደርሰህ ብትመለስ፣ በሚቀጥለውም ቀን አጠገቧ ለመቀመጥ አቅም ቢኖርህ ነው። ባለቤትህንም ጆሮ ዳባ ልበስ አትበላት፣ ያየችውን ነው የተናገረችው።

አሁን ስለ ጫቱ። ድሬ ተቀምጦ ጫት ተው ብሎ መምከር ሰሚ እንደማያገኝ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ብስክሌቱን ብቻ ይዤ ልነጋገርህ። ጫት ልብን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ረሃብና ድካም እንዳይሰማህ ያደርጋል። ዳገት ላይ ደግሞ ከጉዳት የሚጠብቅህ ድካም መሰማቱ ነው። ምርቃና ላይ ሆነህ የከሰዓት ፀሐይ እየመታህ ስትወጣ፣ ልብህ ቀድሞም እየሮጠ ነው፣ ውኃ ጥምህን በቅጡ አታውቀውም፣ «በቃ ልቁም» የሚለውን ድምፅ አትሰማውም። ማታ እንቅልፍ ይነሳሃል፣ እንቅልፍ ከሌለ ጥገናም የለም። ጠዋት ምግብ ያስጠላሃል፣ አንተ ሰውነቴ እንዲቀል ነው ትላለህ። ቢያንስ በምትነዳበት ቀንና በዋዜማው በርጫ አትቀመጥ። ይህን ብቻ ብታደርግ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልዩነቱን ታየዋለህ።

ቁርስህን መልስ። የስልጠናህ ነዳጅ እሱ ነው። ለአጭሩ የንጋት ጉዞ አንድ ሁለት ሙዝ ይበቃሃል፣ ስትመለስ ደህና አድርገህ ብላ። ረጅም በምትነዳበት ቀን ግን ከመነሳትህ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብለህ ገንፎ ወይም ፈጢራ በማር ብላ። ፉል ለመመለሻህ ይሁን፣ ከመነሳትህ በፊት ከበላኸው ሆድህን ይከብድሃል። መንገድ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ የምትቆይ ከሆነ እስኪርብህ አትጠብቅ። በየሰዓቱ ሁለት ሙዝ ወይም አንድ እፍኝ ተምር ኪስህ ውስጥ ይኑር። በመሐል የገና ጾም ይገባል። ጿሚ ከሆንክ ሽሮውም፣ ምስሩም፣ የባቢሌ ለውዝም ጡንቻህን ይጠግኑልሃል። ረጅሙን ጉዞ ባዶ ሆድህን አትውጣ እንጂ ጾሙ ራሱ አያስቸግርህም። ጉዳዩ ከባድ ከመሰለህ የንስሐ አባትህን አማክር።

ከሁሉ በፊት ጤና ጣቢያ ጎራ በልና ግፊትህንና ስኳርህን ተለካ። 38 ዓመት ሽምግልና አይደለም፣ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ሳትነዳ ቆይተህ ድንገት የተነሳህ ሰው ነህ። ስትነዳ ደረትህን ከጨመቀህ፣ ራስህን ካዞረህ፣ ልብህ ዝም ብሎ ከተምታታብህ ወዲያው ቁም። እንደዚያ ዓይነቱን ነገር በእልህ አያልፉትም።

ጉልበቴን ከፊት በኩል ነው የሚያመኝ ብለሃል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው፣ መቀመጫው ዝቅ ሲልና ማርሹ ሲከብድ። መቀመጫውን እንዲህ አስተካክል። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፈህ ውጣበት። ጫማህን አውልቅና ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርግ፣ ፔዳሉን ወደ ታች መጨረሻው ድረስ አውርደው። እግርህ ቀጥ ማለት አለበት፣ ወገብህ ግን ወደ ጎን መዘንበል የለበትም። አሁንም ጉልበትህ ከታጠፈ መቀመጫውን ጣት ጣት ያህል ከፍ እያደረግክ ሞክር። ከዚያ በትክክለኛው አነዳድ፣ በእግርህ መዳፍ ስትረግጥ፣ ጉልበትህ ትንሽ እጥፍ ይላል፣ የምንፈልገው እሱን ነው። ሕመሙ ወደ ጉልበትህ ጀርባ ከዞረ ደግሞ በጣም ከፍ አድርገኸዋል ማለት ነው፣ ትንሽ መልሰው። እስኪሻልህ ድረስ ዳገት የለም። በሁለት በሦስት ሳምንት ካልተሻለህ ሐኪም ይየው።

ማርሹን በተመለከተ፣ ብስክሌትህ ማርሽ ከሌለው ለደንገጎ ሌላ ፈልግ፣ ተውሰህም ቢሆን። ካለው፣ ዳገቱ ገና ሳይጀምር ከፊት ትንሹን፣ ከኋላ ትልቁን ጥርስ ያዝ። እግርህ ቶሎ ቶሎ ቀለል አድርጎ ይዙር። ጓደኞችህ በከባዱ ማርሽ ቆመው እየረገጡ ቢያልፉህም ተዋቸው፣ ላይ ትገናኛላችሁ። ጎሚስታ ጋ ወስደህ ጎማውንና ካላማዳሪውን አስፈትሽ፣ ፍሬኑን ሁለቱንም አዲስ አስደርግ፣ ካቴናውን አስጸዳና ዘይት አስቀባ። ካላማዳሪ መቀየርም እዚያው ቁጭ ብለህ ተማር። ሰውዬው ሲሠራ ማየት ብቻ አይበቃም፣ ራስህ አንዴ ፈተህ ግጠም፣ ምክንያቱም አዴሌ ጋ ጎማ ቢፈነዳብህ ጎሚስታው አጠገብህ የለም።

እንግዲህ መንገዱ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ። ይህን ሁሉ ከፍታ የምትወጣው በሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው። ከደንገጎ በኋላ ያለው፣ በአዴሌ፣ በሐረማያ፣ በአወዳይ አድርጎ ሐረር የሚያደርስህ፣ ውጣ ውረድ ቢኖረውም ያን ያህል አያስፈራም። ደርሶ መልሱ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ነው የምትማረው፣ አንደኛ መቀመጫው ላይ ለረጅም ሰዓት መቆየት፣ ሁለተኛ ዳገት መውጣት። አንተ ከሁለተኛው ጀመርክ።

የመጀመሪያውን ወር ደንገጎን እርሳው። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ትነዳለህ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና እሁድ። ማክሰኞና ሐሙስ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ወጥተህ በመልካ ጀብዱ አቅጣጫ ሜዳ ሜዳውን ሂድ፣ አንድ ሰዓት ያህል ነድተህ ሥራ ሳይገባ ትመለሳለህ። ፍጥነቱን የምታውቀው በአፍህ ነው፣ ከጎንህ ካለ ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወራህ መንዳት ከቻልክ ልክ ነህ፣ ቃል በቃል እየቆረጥክ ከሆነ ቀንስ። እሁድ ረዘም ይላል። ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል እያለ ይሄዳል። በየሳምንቱ የምትጨምረው ካለፈው ሳምንት አንድ አስረኛ ገደማ ይሁን፣ በአራተኛው ሳምንት ደግሞ ቀንሰህ እረፍ። ይህን ስታነብ «ይህማ ቀላል ነው» እንደምትል ገምቻለሁ። ቀላል እንዲሆን ነው የተፈለገው።

በሁለተኛው ወር እሁዶቹን ወደ ዳገቱ አዙራቸው፣ ግን እስከ ላይ አይደለም። የመጀመሪያው እሁድ አንድ ኩርባ ምረጥ፣ እዚያ ስትደርስ አቅም እያለህም ቢሆን ተመለስ። በሚቀጥለው እሁድ ትንሽ አለፍ ብለህ ሌላ ምልክት ያዝ። አሁን ግማሽ ላይ ስትመለስ ተሸንፌ ነው እያልክ ነው የምትወርደው። ያኔ ያሰብክበት ደርሰህ ትወርዳለህ፣ እግርህም ለቀጣዩ ሳምንት ይተርፍሃል። ዳገቱ ላይ ዓይንህ ጫፉን አይፈልግ፣ አስር ሜትር ወደፊት ያለውን አስፋልት እይ፣ ትከሻህን ልቀቀው፣ መሪውን ጨምድደህ አትያዝ። አይሱዙና ከባድ መኪና ጎንህ እያቃሰተ ሲወጣ ጭሱን ፊትህ ላይ ይለቅብሃል፣ ቶሎ ልለፈው አትበል፣ ፍጥነትህን ቀንሰህ ይራቅልህ።

በሦስተኛው ወር ደንገጎ ትደርሳለህ፣ ቆይተህ ሐረማያ። ከዚያ ከጥር መግቢያ በፊት አንድ እሁድ ሐረር ድረስ ሂድና ብስክሌቱን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭነህ ተመለስ። አዎ፣ በመኪና። የዚያን ቀን የምትፈልገው መውጣቱንና ርቀቱን ሰውነትህ እንዲያውቀው ነው፣ ቁልቁለቱን ለብቻው ትለማመዳለህ። ከዋናው ቀን ሦስት ሳምንት ቀደም ብለህ ደግሞ 80፣ 90 ኪሎ ሜትር የሚሆን አንድ ረጅም ቀን ይኑርህ። ሙሉውን 110 ቀድመህ መንዳት የለብህም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ቀንስ፣ መጀመሪያ በሲሶ፣ ከዚያ በግማሽ። በዚያን ጊዜ እግርህ ያሳክክሃል፣ ትንሽ ልጨምር ትላለህ። አትጨምር። ጥምቀትም በዚያው ሰሞን ይመጣል፣ አብረህ አክብር፣ ታቦት ሸኝ፣ ተኛ።

ሙቀቱን ለድሬ ልጅ ማስተማር የለብኝም፣ ግን ሙቀት የለመደ ሰው ነው ብዙ ጊዜ የሚዘናጋው። በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ጠጣ፣ ፀሐዩ ከጠነከረ ከዚያም በላይ። ጉሮሮህን እያረጠብክ በየአስር አስራ አምስት ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ይሁን፣ አንዴ ጠርሙስ ሙሉ አትገልብጥ። በረጅሙ ቀን ውኃ ብቻውን አይበቃም፣ ላብ ጨው ይዞ ይወጣል። ከመድኃኒት ቤት ኦአርኤስ ግዛ፣ ወይም አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ላይ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጥ። ጓደኛህ በዚያ ሙቀት ቆዳው ግሎ፣ የሚናገረውን ካላወቀ፣ ያ ድካም አይደለም። ጥላ አስገባው፣ ልብሱን አላላ፣ አንገቱና ብብቱ ላይ ውኃ አፍስስ፣ አንድ ሰው ወዲያው መኪና ያስቁም፣ ሆስፒታል ውሰዱት። ይህን አሥራችሁም አስቀድማችሁ እወቁት።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ላይ ደረስን፣ ቁልቁለቱ። ሁላችሁም መውጣቱን ነው የምታስቡት። አደጋው ያለው ግን መውረዱ ላይ ነው፣ ያውም ዘጠና ኪሎ ሜትር ነድታችሁ፣ እጃችሁ ዝሎ፣ «እንኳን ደስ ያለን፣ ደረስን» ባላችሁበት ሰዓት። ከአወዳይ ጫት ጭነው የሚቸኩሉት መኪኖች ያንኑ ኩርባ ነው የሚታጠፉት። ስለዚህ ደንገጎ ላይ ሁላችሁም ቆማችሁ ተጠባበቁ። ከብስክሌት ውረዱ፣ ብሉ፣ ጠጡ። ላብ ያረጠበውን ልብስ ቀይሩ ወይም ጃኬት ደርቡ፣ ጃኬት የሌለው ጋዜጣ አጥፎ ከቲሸርቱ ሥር ደረቱ ላይ ያድርግ፣ ነፋሱን በደንብ ያግድለታል። ፍሬኖቻችሁን ፈትሹ። ከዚያ በመሐላችሁ ሰፊ ርቀት ትታችሁ አንድ በአንድ ውረዱ፣ ጎን ለጎን የለም፣ መቀዳደም የለም። ከኩርባው በፊት ነው ፍሬን የሚያዘው፣ ኩርባው ውስጥ ሆነህ አይደለም። ሁለቱንም ፍሬን ያዝ ለቀቅ እያደረግክ ተጠቀም፣ ሳትለቅ ጭምቅ አድርገህ ከያዝከው ቸርኬው ይግላል፣ ፍሬኑም መያዝ ይተዋል። መሐል ላይ አንዴ ቆማችሁ እጃችሁን አፍታቱ። ከኋላችሁ መብራቱን የሚያበራ አጃቢ መኪና ይኑር። አደባባይ የሚዘጋ ሰልፍ ነገር ስለሆነ ለትራፊክ ፖሊስም ቀድማችሁ አሳውቁ። ሄልሜት የሌለው ሰው ከድሬ አይነሳ፣ ቢለምናችሁም።

ሰዓቱን እንዲህ አስቡት። ጎህ ሲቀድ ከድሬ ከተነሳችሁ ከቀኑ 5 ሰዓት ገደማ ሐረር ትደርሳላችሁ። ምሳ በሉ፣ እረፉ፣ 7 ሰዓት ላይ ተነሱ፣ 10 ሰዓት ላይ ደንገጎ ሁኑ። 10 ሰዓት ተኩል አልፎ ደንገጎ ያልደረሰ ሰው በመኪና ይውረድ። ይህን ሕግ ዛሬ ተስማሙበት፣ ያን ቀን እዚያው ቆማችሁ ከተከራከራችሁ ማንም እሺ አይልም።

የቲሸርቱ ነገር። እትዬን ጠይቀሃታል? ደብዳቤህ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። በእኛ አገር ካንሰር የያዘው ሰው ለጎረቤት እንኳ የማይነግርበት ብዙ ምክንያት አለው። ከንፈር የሚመጠጥለት ሰው መሆን ያታክታል። ፀጉሯ ረግፎ፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ ፎቶዋ አሥር ሰው ደረት ላይ ሆኖ የድሬውን ከዚራ ሰፈር አቋርጦ ሐረር ሲገባ ምን እንደሚሰማት አንተ ልታውቅላት አትችልም። ደስ ሊላትም ይችላል። ግን ብቻዋን ባለችበት ሰዓት ጠይቃት፣ እናንተ ተሰብስባችሁ «አይደል እትዬ?» ብትሏት እንዴት እምቢ ትላለች? ካልፈለገች ያለ ፎቶ ውጡ፣ ምክንያቱንም አትጠይቃት።

ገንዘቡ ላይ ደግሞ ከአሁኑ ጠንቃቃ ሁኑ። አሜሪካ ውስጥ እናቱን በቆዳ ካንሰር ያጣ ቢሊ ስታር የሚባል ሰው በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 36 ሰው ይዞ ማሳቹሴትስን በብስክሌት አቋረጠ፣ 10,200 ዶላር ለዳና ፋርበር የካንሰር ተቋም ሰጡ። ያ ጉዞ ፓን ማስ ቻሌንጅ ተብሎ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይካሄዳል። ብስክሌተኞቹ የሚያሰባስቡት ገንዘብ በሙሉ ለተቋሙ ነው የሚገባው፣ የዝግጅቱ ወጪ ከሌላ ነው የሚሸፈነው። እናንተም ይህን ያዙ። የቲሸርቱን፣ የውኃውን፣ የአጃቢ መኪናውን ወጪ ከኪሳችሁ አዋጡ ወይም ስፖንሰር ፈልጉ፣ ሰው ለታማሚ ብሎ ከሰጠው ላይ አንድ ብር አትንኩ። በአንድ ሰው ስም የተከፈተ ሂሳብ ቁጥር አታሰራጩ፣ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሂሳብ ክፈቱ፣ ለሰጠ ሁሉ ደረሰኝ ስጡ፣ ሲያልቅ ስንት ገባ፣ የት ሄደ የሚለውን በግልጽ አውጡ። ገንዘቡ ውኃ በላው የሚል ወሬ አንዴ ከተነሳ በሚቀጥለው ዓመት በእውነት ለሚለምንም ታማሚ የሚዘረጋ እጅ አይኖርም።

ለማን ትሰጡት? ከመነሳታችሁ በፊት ይወሰን። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አለ፣ ወላጆች በደም ካንሰር ባጡት ልጃቸው ስም ያቋቋሙት። ተስፋ አዲስ ካንሰር ላለባቸው ሕፃናትና ለወላጆቻቸው አዲስ አበባ ላይ ማረፊያ ይሰጣል። ቅርብ ከፈለጋችሁ ሐረር ያለው የሕይወት ፋና ሆስፒታል ስትደርሱበት በራችሁ ነው፣ አስቀድማችሁ ሄዳችሁ ታማሚዎቹ ምን እንደሚጎድላቸው ጠይቁ። አንተ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ፣ የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር ከምሥራቅ የሚሄደው ሰው ከመድኃኒቱ እኩል የትራንስፖርቱና የማደሪያው ነገር ነው የሚያንገላታው። ሕክምናውን ጀምሮ ለመኪና አጥቶ የሚያቋርጥ ሰው አለ። የአንድ ሰው ደርሶ መልስና የሳምንት አልጋ ስንት እንደሚፈጅ እትዬን ጠይቃትና ለሰዎች ያንን ንገሩ። «ይህን ያህል ብር አንዲት ሴትን ቀጠሮዋ ላይ ያደርሳል» የተባለ ሰው እጁ ይፈታል።

ሌላም ነገር ይዛችሁ ሂዱ። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው፣ ብዙዎቹም ሐኪም ጋ የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። የጡት ካንሰር እብጠት መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። «አላመመኝምና ምንም አይደለም» ብላ የቆየች ሴት ስንት ናት። እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ ከነዚህ አንዱን ያየች ቶሎ ትመርመር። ለማኅፀን በር ደግሞ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ምንም ሳያማቸው የሚመረመሩበት ቀላል ምርመራ አለ፣ ለልጃገረዶችም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ክትባቱ ይሰጣል። አወዳይ ገበያ ላይ ስትቆሙ ሴቶቹ ከበው «ምንድን ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ይህን በአማርኛም በኦሮምኛም በሁለት ደቂቃ የምትናገር ጤና ባለሙያ ከመኪናው ጋር ትኑር። ቤትህ ውስጥም ጀምር፣ ሌሎች እህቶችህና የእትዬ ሴት ልጆች ታሪኩን ለሐኪም ይንገሩ፣ እናቷን ወይም እህቷን የያዘባት ሴት ቀደም ብላ ክትትል ትጀምር ይሆናል።

በማትነዳባቸው ቀናት ማታ ወደ እትዬ ሂድ። ሐኪሟ ከፈቀደላት ፀሐይ ሲበርድ ቀስ ብላችሁ ሰፈር ውስጥ ተራመዱ፣ ቀላል እንቅስቃሴ የኬሞን ድካም እንደሚቀንስ በጥናት የታወቀ ነው። አንተ ጉንፋን ከያዘህ ግን አትጠጋት፣ መድኃኒቱን ከወሰደች ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ በሽታ የመከላከል አቅሟ ዝቅ ይላል። ትኩሳቷ 38 ካለፈ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው፣ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ብትብስስ ላልከኝ፣ ትቀራለህ። ጓደኞችህ ያለ አንተ ይነዳሉ፣ ገንዘቡም ይሰበሰባል። ባትብስም እንኳ ልታየው የሚገባ ነገር አለ። የቀጠሮ ካርዷን አውጣና ከመጨረሻው ኬሞ 21፣ 21 ቀን እየቆጠርክ እስከ ጥር ሂድ። አንዱ ጥር 27 አካባቢ ካረፈ እሷን አዲስ አበባ ማን እንደሚወስዳት ከአሁኑ መወሰን አለበት። የሚወስዳት አንተ ከሆንክ ለባልደረቦችህ በዚሁ ሳምንት ንገራቸው፣ ቲሸርቱ ሳይታተም፣ ሰውም ሳይገዛው ቀኑን በአንድ ሳምንት መግፋት ቀላል ነው።